የብርቱካን መኪና

ባይሳ፦ መኪና አልገዛም አልኩህ እኮ! ደግሞስ የት ላቆማት ነው? ደጄን እንደምታየው በቅሎ እንኳ ዞራ አትወጣበትም።

ታፋ፦ ኦቦ ባይሳ፣ የምትነዳ መኪና አይደለችም። የምትጨምቅ መኪና ናት!

ባይሳ፦ እሱማ ሁሉም ይጨምቃል። ባለፈው ከአኖ ስመጣ አውቶቡስ ውስጥ እንዴት እንደተጨመቅኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

(ይህ ክርክር የተነሣው በጃንሆይ ዘመን፣ በጥር ወር፣ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር፣ ከባይሳ በረንዳ ላይ ነው። ባይሳ ኮርቻ ሰፊ ነው። ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው ይሉታል። ታፋ የሚስቱ የደራርቱ ወንድም ነው። የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አዲስ አበባ ሲመላለስ ስለኖረ እሱ ያላየው ነገር የለም፤ ያላየውንም ሰምቶታል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የባይሳን ልጅ ሎሚን ለጋብቻ ለመጠየቅ ከአኖ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ታፋ ይህን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ሎሚን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ያሳደጋት እሱ ነው። ቤቱ ደግሞ የወንጌል አማኞች ቤት ነው፤ ጠላም ጠጅም አይገባበትም። ታዲያ ለእነዚያ ትልልቅ ሰዎች ምን ይቅረብ? ታፋ መላውን አገኘሁ ብሎ ጠዋት ከነጋዴው ከገብረኪዳን ሱቅ አንድ ዕቃ ‘ሞክረን እንመልሳለን’ ብሎ በጆንያ ተሸክሞ መጣ።)

ታፋ፦ (ጆንያውን ገልጦ) ይኸውልህ! እያት!

ባይሳ፦ (ዙሪያዋን ዞሮ ካያት በኋላ) ዋቃዮ! ጎማ የላትም።

ታፋ፦ ጎማ ምን ያደርግላታል? ይቺ ብሎን ጠረጴዛውን ትነክሳለች። ይቺ እጀታ ትዞራለች። አናቷ ላይ ያለችውን ሾጣጣ ነገር ታያለህ? ግማሽ ብርቱካን እላይዋ ላይ ትደፋና ታዞራለህ። ጭማቂው በአፍንጫዋ በኩል ጆጉ ውስጥ ይወርዳል።

ባይሳ፦ በአፍንጫዋ? ለእንግዳ?

ታፋ፦ አፍንጫ ስሟ ነው!

ባይሳ፦ ስሟ ከሆነስ እሺ። ግን እንደው ታፋ፣ የብርቱካን መጭመቂያማ እግዜር አፋችን ውስጥ ገጥሞልን የለም ወይ? ጥርስ የሚሉት?

ታፋ፦ ኦቦ ጨመዳ አፍ ውስጥ የተገጠመው ረግፏል። የሽማግሌዎቹ አለቃ ደግሞ እሳቸው ናቸው። በድዳቸው ከብርቱካን ጋር ሲታገሉ እያየህ ልትቀመጥ ነው?

ባይሳ፦ ወተት አለ።

ታፋ፦ ወተት የሌለው ማን ነው? እነዚህ ሰዎች ቡና በካሚዮን የሚጭኑ ናቸው። አገራቸው ገብተው ምን ብለው ያውሩ? ‘ወተት ጠጥተን መጣን’? ጭማቂ ሲቀርብላቸው ግን ‘ይህ ቤት የሠለጠነ ቤት ነው፣ ልጅቷም የሠለጠነች ናት’ ይላሉ። እኔ ፒያሳ አንድ ቤት ገብቼ አይቻለሁ። ሰው በብርጭቆ ይዞ ዝም ብሎ ይጠጣል። አይነጋገርም እንኳ!

ባይሳ፦ ምን ሆነው ተኳረፉ?

ታፋ፦ ጣፍጧቸው ነዋ!

ባይሳ፦ እሺ፣ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውስ?

ታፋ፦ ገለባው? ለላም ትሰጠዋለህ።

ባይሳ፦ ቆይ፣ ቆይ። ብርቱካኑን ላሟ ትበላለች። ውሃውን እንግዶቹ ይጠጣሉ።

ታፋ፦ እንደሱ ካልከው... አዎ።

ባይሳ፦ ሰዎቹ የሚመጡት ላሟን ሊጠይቁ ነው እንዴ?

(ታፋ በረጅሙ ተነፈሰ። ይህ ሰው እህቴን ባያገባ ኖሮ ብሎ አሰበና መልሶ ተወው፤ ባያገባት ኖሮ ሎሚም አትኖርም። በትዕግሥት ብሎኑን አጥብቆ መኪናዋን ከኮርቻ መስፊያው ጠረጴዛ ጋር አሰራት። ባይሳ ከጓዳ አንድ ትልቅ ቅርጫት ብርቱካን እየጎተተ አምጥቶ አጠገቡ አኖረለት። ጆጉንም አመጣ፤ ቢላዋውንም አመጣ። ታፋ በደስታ ተሞላ፤ ‘እየገባው መጣ’ አለ በልቡ።)

ባይሳ፦ ማየት አይከለከልም ብዬ ነው እንጂ እኔ አላመንኩም። ባለፈው ‘የላምባ ምድጃ ግዛ፣ ሥልጣኔ ነው’ ብለኸኝ ቅንድቤ የት እንደገባ ታውቃለህ።

ታፋ፦ በቅሎልህ የለም እንዴ?

ባይሳ፦ በቅሏል። ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ ፊቴን ሁሉ የተገረመ ሰው አስመስሎታል።

ታፋ፦ ተወው አሁን እሱን። ዋናው ነገር ብርቱካን ውስጥ ያለው ቪታሚን ነው።

ባይሳ፦ (ደንግጦ ቅርጫቱን ወደ ራሱ እየሳበ) የቱ ውስጥ ነው ያየኸው?

ታፋ፦ ሁሉም ውስጥ አለ።

ባይሳ፦ ሁሉም ውስጥ! ያቺ ብርቱካን ከኡኬ የምታመጣው ሴትዮ ‘ዛሬ የተለቀመ ነው’ ብላ ምላ ሰጠችኝ እኮ! አውጣልኝ በል፣ አንድ በአንድ ልቀመው። እንግዳ ፊት ትል ይዤ ልቀርብ?

ታፋ፦ ትል አይደለም! ጤና ነው። በዓይን አይታይም፣ ደም ውስጥ ይገባል።

ባይሳ፦ በዓይን ሳይታይ ደም ውስጥ ይገባል? ይኸውማ ሐኪም ቤት መድኃኒት የሰጡኝ ለሱው ነው!

ታፋ፦ (ጭንቅላቱን ይዞ) ቪታሚኑን ተወው። የለም። ወጥቷል። አሁን ስማኝ፤ ብርቱካን ብቻውን ጣፋጭ ስለሆነ ሎሚ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ሎሚን አጋድመህ ለሁለት ትሰነጥቃታለህ...

ባይሳ፦ (ከመቀመጫው ብድግ ብሎ) ማንን?

ታፋ፦ ሎሚን። ከዚያ በመዳፍህ ጫን አድርገህ ይዘህ፣ እንባዋ እስኪንጠፈጠፍ...

ባይሳ፦ አንተ ሰው! ምን አደረገችህ? ሽማግሌ ሊጠይቃት በመጣበት ቀን?

ታፋ፦ ፍሬውን ነው! ፍሬውን! ሎሚ፣ ኮምጣጣው!

ባይሳ፦ ልጄ ኮምጣጣ አይደለችም! ስታድግ አንተው አይተሃታል።

(ከጓዳ የሎሚ ሳቅ ተሰማ። እናቷ ደራርቱ ‘ዝም በይ’ ስትላትም ተሰማ። ታፋ ላቡን ጠረገ። አሁን ነገሩ የመኪናዋ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የክብር ጉዳይ ሆኗል። እጁን ታጠበ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ አንድ ብርቱካን ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን እላይዋ ላይ ደፋና አዞረ። ወርቅ የመሰለ ጭማቂ በአፍንጫዋ ወረደ።)

ታፋ፦ እህ? ምን ትላለህ?

ባይሳ፦ (ጎንበስ ብሎ ጆጉ ውስጥ እያየ) አንድ ብርቱካን ምን ይመሰክራል? ይህ ጨዋ ነው፤ ሲነኩት ይሰጣል። ያንን ወፍራም ቆዳውን ግን አትችለውም።

ታፋ፦ አትችለውም? (ይጨምቃል) ይኸው!

ባይሳ፦ ይገርማል። ትንንሾቹንስ? እነሱ ያንሸራትቷታል።

ታፋ፦ (ትንንሾቹን ተራ በተራ ይጨምቃል) የታል ያንሸራተታት? የታል?

ባይሳ፦ አንተማ ጎልማሳ ነህ፣ ቆመህ ታዞራለህ። ደራርቱ ግን ቁመቷን ታውቀዋለህ፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምትሠራው።

ታፋ፦ (ወንበር ስቦ ይቀመጣል) ተቀምጦም ይኸው!

ባይሳ፦ አክስቴ ቀለሟ ደግሞ ግራኝ ናት። መጥታ ማገዝ ብትፈልግስ?

ታፋ፦ (እጁን ይቀይራል፤ ከንፈሩን ነክሶ ያዞራል) በ... ግራም... ይኸው!

ባይሳ፦ አሁን የምታዞረው ቀስ እያልክ ነው። ሽማግሌዎቹ ደጅ ደርሰው ቢሆንስ? ፈጥና ትሠራለች?

ታፋ፦ ፈጥና? (እንደ ወፍጮ ያስጮኻታል) እያት! እያት እንጂ!

ባይሳ፦ ወይ ጉድ! ጆጉ ሞላ። እንደው ሲሞላ ነው መሰለኝ የምትሠራው፤ ባዶ ጆግ ላይ አትጀምርም ይሆናል። (ሌላ ጆግ አምጥቶ ያስቀምጣል)

ታፋ፦ ማን ነው አትጀምርም ያለው? አምጣ ያንን! አምጣ!

(እንዲህ እንዲህ ሲሉ ፀሐይዋ ወደ በረንዳው ዞረች። የታፋ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተለጠፈ፣ ክንዱ እንደ እርጎ ቅል ይንቀጠቀጣል። ልቡ ግን ሞቅ ብሏል። በሕይወቱ ባይሳን አንድ ነገር ሲያስረዳ እንዲህ ደረጃ በደረጃ የተከተለው ቀን የለም። በመጨረሻ እጁን ወደ ቅርጫቱ ቢሰድድ የቅርጫቱን ታች ዳበሰ። ብርቱካኑ አልቋል።)

ታፋ፦ (እያለከለከ) እህሳ፣ ኦቦ ባይሳ? አመንክ?

ባይሳ፦ አምኛለሁ። ደህና አድርጋ ትጨምቃለች።

ታፋ፦ ተመስገን! ስለዚህ ትገዛታለህ?

ባይሳ፦ አልገዛም።

ታፋ፦ ምን? ለምን?

ባይሳ፦ ምን ሊያደርግልኝ? የሚጨመቅ አልቋል።

(ታፋ ባዶውን ቅርጫት አየ። ሙሉዎቹን ጆጎች አየ። ለካስ ነገር ቀስ ብሎ የሚገባው እሱ ራሱ ነበር።)

ታፋ፦ ቆይ። አንተ ሰው፣ ጭማቂ አልፈልግም፣ ወተት አለ ስትለኝ አልነበረም?

ባይሳ፦ ብዬሃለሁ።

ታፋ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ብርቱካን ከኡኬ ድረስ ያስመጣኸው ለምንድን ነው?

ባይሳ፦ (ጆጎቹን በንጹሕ ጨርቅ እየሸፈነ) እህትህን ‘ይህን ሁሉ ማን ይጨምቅልናል?’ ብዬ ጠየቅኳት። ‘ታፋን ጭመቅልን ካልከው ወገቤን ይልሃል። ያቺ ሰሞኑን የሚያወራላት መኪና አትጨምቅም በለው፤ ጨርሶ ያስረክብሃል’ አለችኝ።

(ከጓዳ አሁን የሳቀችው ሎሚ ብቻ አልነበረችም። ታፋ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ደራርቱ ግን ቅቤ የጠጣ ጭኮ በሳህን ይዛ ብቅ አለችና ‘ወንድምዬ፣ ክንድህ ይሰበርልኝ ብዬ አልነበረም’ ብላ አጎረሰችው። አፉ ሙሉ ሆኖ የሚቆጣ ሰው የለም። ቢሆንም አንድ ነገር አጽናናው፤ ምንም ቢሆን የአኖ ሰዎች እንዲህ ያለ መኪና አይተው አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ‘አከም ኦልተኒ’ ተባብለው፣ ተመራርቀው ተቀመጡ። ታፋ መኪናዋን አጥቦና ወልውሎ፣ ከዓይናቸው እንዳትርቅ መካከል ላይ አስቀምጧታል። ኦቦ ጨመዳ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ተቀበሉ፤ ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባይሳ እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ከተተ። እስካሁን ሲቀልድ የዋለው ሰውዬ የጨነቀው አሁን ነው።)

ጨመዳ፦ (ጢማቸውን ጠርገው) ይህ ምንድን ነው?

ባይሳ፦ ብርቱካን ነው፣ አባቴ።

ጨመዳ፦ ድገሙኝ እስቲ። (ሁለተኛውን ጨርሰው) ፍሬ የለው፣ ገለባ የለው! ከወለድኩት ልጅ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ አልቀረበልኝም። ማን ነው የጨመቀው?

ባይሳ፦ የልጅቷ አጎት፣ ታፋ ነው።

ታፋ፦ (ከመቀመጫው ተነሥቶ) የጨመቀችው እንኳ መኪናዋ ናት፣ ኦቦ ጨመዳ! ይቺውላችሁ! ምናልባት አይታችኋት አታውቁም ይሆናል እንጂ፣ ብሎኗ እንዲህ...

ጨመዳ፦ እንዴት አላውቃትም፣ ልጄ? እኔም ቤት አለች። ገዝቼ ካስገባኋት ዓመት ሆናት። የሚያዞራት ሰው ጠፍቶ ዶሮ ታድርባታለች።

(ታፋ ብሎኗን እንደያዘ ቀረ። ሽማግሌው ከብርጭቆው ወደ ታፋ ክንድ፣ ከታፋ ክንድ ወደ ብርጭቆው ተመለከቱ። ከዚያ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ጋር በሹክሹክታ ተማከሩና በትራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ።)

ጨመዳ፦ ባይሳ፣ ስማን። እኛ ከአኖ የተነሣነው አንድ ነገር ልንለምንህ ነበር። ቤትህን ካየን በኋላ ግን ልመናችን ሁለት ሆነ። አንደኛ፣ ልጅህን ለልጃችን ስጠን። ሁለተኛ፣ ለሠርጉ ይህንን ሰውዬ ስጠን።

ባይሳ፦ (አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ልማዱ በቀስታ) አባቶቼ፣ አክብራችሁን መጣችሁ፤ ገለቶማ፣ እናመሰግናለን። የልጅ ነገር ከባድ ነው። ስለ ልጅቷ ከዘመድ ጋር ተማክረን መልስ እንሰጣችኋለን። እሱን ግን ዛሬውኑ ይዛችሁት ሂዱ።