ወንበሬን የነጠቀችኝ ካርድ

የበደለኝ ሰው ሰይድ ይባላል። መምህር ሰይድ፤ የደሴ ልጅ፣ እዚህ መካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ የጓሮ ክፍሌን ተከራይቶ የሚኖር። ስሙን ከሁሉ በፊት የጠራሁት ሰው እንዲያውቅልኝ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምኩ። ክፉ ያደረገባችሁን ሰው መክሰስ ምን ይቸግራል? መንደሩ ሁሉ ከእናንተ ጋር ያዝናል። መከራው ደግ አደርጋለሁ ብሎ የሚበድል ሰው ነው። እሱን ስትከሱት የገዛ ምስክሮቻችሁ «ኧረ ተዪው፣ ለአንቺው ብሎ እኮ ነው!» ይላሉ። እስቲ አላህ ያሳያችሁ፣ ለእኔ ብሎ እንዲበድለኝ ማን ላከው?

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። ዘመኑ ተማሪ በፕላዝማ የሚማርበት፣ መብራት ሲጠፋ አስተማሪውም አብሮ የሚጠፋበት፣ የወረዳ ሰው ደግሞ ከስብሰባ ሲወጣ ሥልጠና፣ ከሥልጠና ሲወጣ ስብሰባ የሚገባበት ነው። በዚያ ዘመን አንድ ቀን ሰይድ አሮጌ ኮምፒውተር በጋሪ አስጭኖ መጣ። አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ገዝቶ አሮጌውን ከመጋዘን አውጥቶ ሊጥል ሲል ለምኖ ያገኘው ነው። ከፊት ሲያዩት ቴሌቪዥን፣ ከኋላ ሲያዩት እንሥራ። አጠገቡ የሚቆመው የቆርቆሮ ሣጥን ከአቧራው ብዛት ቀለሙ አይታወቅም። ይህ ሁሉ ጉድ የእኔ ሳሎን ገባ። ለምን ቢሉ፣ የሰይድ ክፍል አምፖል እንጂ ሶኬት የለውም። ሶኬት የሌለው ቤት አከራዩኝ ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ ነው፤ በደሉ የከበደኝም ለዚህ ነው።

እኔ መሠረተ ትምህርት ፊደል አስቆጥሮኝ፣ ስሜን አስጽፎኝ እዚያው የቀረሁ ሴት ነኝ። ፊደል ቢያጥረኝም ጥያቄ አጥሮኝ አያውቅም። ውስጡ ያለው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። ሊኑክስ ነው አለኝ። ሊኑክስ የማን ልጅ ነው? የማንም አይደለም አለኝ፤ በየአገሩ ያሉ አዋቂዎች እየተጋገዙ የሠሩት፣ ማንም በነጻ የሚወስደው፣ ጉድለቱን ያየ ሰው የሚያቃናው ፕሮግራም ነው፤ ሌላው ፕሮግራም እንዲህ ያለውን አሮጌ ማሽን ሲያይ ይጸየፋል፣ ሊኑክስ ግን ባገኘው ይሠራል አለኝ። ታዲያ ደቦ ነው አትለኝም! አንዱ ያርማል፣ አንዱ ያጭዳል፣ አንዱ ይወቃል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነበረብህ ወይ አልኩት። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ፤ ለዚያ ሁሉ ደቦኛ ምሳውን ማን ያበላል?

ማሽኑ ሲነሳ ማየት ነበር። መጀመሪያ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ከዚያ በጥቁሩ መስኮት ላይ ነጫጭ ጽሑፍ እየተግተለተለ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። ረጅም ዱአ ያደርጋል አልኩ። ሰይድ ሳቀና፣ አካሉን እየፈተሸ ነው አለኝ፤ ይህ አለ? ያኛው ይሠራል? እያለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሽኑን ወደድኩት። እኔስ ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ጉልበቴ፣ አለህ? ወገቤ፣ አለህ? ዐይኖቼ፣ ዛሬ ተረኛው ግራው ነው ቀኙ?

ጨዋታዎች አሉት። እኔን የገዛኝ ፔንግዊን የሚሉት ወፍ ያለበት ነው። በነጭ ሸሚዝ ላይ ጥቁር ካፖርት የደረበ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ክንፍ እያለው የማይበር፤ ቁርጥ ለሥልጠና የመጣ ሹም። በሆዱ ተደፍቶ በበረዶ ቁልቁለት ይንሸራተታል፣ መንገድ ላይ የተበተነውን ዓሣ ይለቅማል። የእኔ ሥራ የቀስት ቁልፎቹን እየተጫንኩ ግራና ቀኝ ማለት፣ ከዛፍ እንዳይላተም መጠበቅ ነው። መቼም የእኛ አገር ደገኛ በረዶን አያጣውም፤ ገብሳችንን ስንት ጊዜ ከእኛ ቀድሞ አጭዶታል! በላዩ ተጫውተንበት ግን አናውቅም። ተበቀልኩት።

ታዲያ ማሽኑ አሮጌ ነውና ወፉ አይሮጥም። ትንሽ ይሄዳል፣ ቆም ይላል። ትንሽ ይሄዳል፣ ቆም ይላል። ሲቆም እኔ ቢስሚላህ እላለሁ፣ ዛፉን አያለሁ፣ ዓሣውን አያለሁ፣ ሻሼን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ ቀስቱን እጫናለሁ። በልጅነቴ ከከላላ ገበያ ስንመለስ በበቅሎ የወረድኳቸው ቁልቁለቶች ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው፤ በቅሎ እግሯን የምታሳርፍበትን ሳታይ አትራመድም፣ የተቀመጠባትም አያጣድፋትም።

ይህን ያልተማረ ጎረቤት አለኝ፤ ተፈራ ይባላል። ዕድሜ ልኩን በደጎሎ መንገድ ጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። እኩያዬ ነው፤ አፉም የእኔ አፍ እኩያ ነው። ወፉ ቆም ሲል ቁልፉን እንደ ፍሬን ደጋግሞ ይረግጠዋል። ማሽኑ ሲነቃ የረገጠውን ሁሉ ባንድ ላይ ይፈጽምለትና ዛፍ ላይ ይለጥፈዋል። ተፈራ ታዲያ «መሪው ላሽቋል!» ይላል። የላሸቀው መሪው አይደለም እለዋለሁ።

ከማሽኑ ፊት ባለ መደገፊያ ወንበር አለ፤ አላህ ይማረውና የባለቤቴ ነበር። ሌላው መቀመጫ በርጩማ ነው። እሑድ እሑድ ስንጫወት ጭቅጭቅ በዛና ሰይድ ሕግ አወጣ፤ ብዙ ዓሣ የለቀመ በወንበሩ፣ ሌላው በበርጩማው። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ባሌ ወንበር ለመቀመጥ ልወዳደር? ግን ወዲያው ተስማማሁ፤ አሸናፊዋ እኔ ነበርኩና። ሕግ ይከበር የሚለውን ሰው ሁሉ፣ እስቲ የት ተቀምጦ እንደሚናገር እዩት። ከመስከረም እስከ ግንቦት ከዚያ ወንበር የሚያስነሳኝ አልተገኘም። ገበያ ስወጣ ሰው «እመት ከድጃ፣ ዓሣው እንዴት ነው?» ይለኝ ጀመር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ስለ ወገቤ እንጂ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን ይህን ወንበር የወሰደብኝ ሰው ምን እንደወሰደ ገባችሁ?

በግንቦት ሰይድ ለሥልጠና ደሴ ሄደ። ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባና «እማማ፣ ዛሬ ላስደስትዎ ነው» አለኝ። ልቤ ሻሽ መሰለው። ሲፈታው መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ጠፍጣፋ ነገር ናት፤ በአንድ ጎኗ ወርቅ የመሰለ ጥርስ ተደርድሮባታል። ግራፊክስ ካርድ ትባላለች አለኝ፤ ሥዕሉን የምታሯሩጠው እሷ ናት፤ ለዚህ አሮጌ ማሽን የምትሆነዋን ለማግኘት ያልዞረበት ሱቅ የለም። የሣጥኑን ጎን ፈታ፣ አቧራውን እፍ ብሎ ሳሎኔ ላይ በተነው፣ ካርዷን ሰካ፣ ዘጋ። ለምን አላልኩትም። ለእኔ ብሎ ደሴን ሲያስስ የዋለ ልጅ እንዴት ለምን ይባላል? በደል እቤት የሚገባው እንዲህ ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ።

እሑድ ሆነ። በወንበሬ ተቀመጥኩ። ገና ቢስሚላሁን ሳልጨርስ ወፉ ሄዷል! ከእስራቱ የተፈታ ጥጃ እንዲያ አይፈተለክም። ዛፍ መጣ፣ ሌላ ዛፍ መጣ፣ ገደል መጣ። እኔ እንደ ልማዴ ሻሼን ላስተካክል እጄን አንስቻለሁ። ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባች፣ ሆዴ ወደ ኋላ ቀረ፣ ከአፌ የወጣው ጩኸት የመንደሩን ውሻ ሁሉ አስነሳ። ልጅ ሆኜ ሰርግ ላይ በቅሎ ይዛኝ ከጠፋች ወዲህ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ከንዴት ነው አልኳቸው። ወፉ ዛፍ ላይ ተለጥፎ ቀረ። አንድ ዓሣ አልለቀምኩም።

ተራው የተፈራ ሆነ። ያ ሰውዬ! ዐይኑን አጠበበ፣ ከንፈሩ እንደ ሞተር ይንተከተክ ጀመር፣ ሲታጠፍ ከነወገቡ ነው የሚታጠፈው። ኩርባውን ገና ከሩቅ ያውቀዋል። እስከ ግርጌ ያለውን ዓሣ ጠራርጎ ለቀመና፣ በባሌ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ «ከድጃ፣ በርጩማዋን ልሳብልሽ፣ ወይስ ቆመሽ ነው የምታዪ?» አለኝ። ሰይድ ከኋላ ያጨበጭባል። «አዩ እማማ፣ እንዴት እንደ ፈጠነ!» ይለኛል። አየሁ እንጂ ሰይድ፤ አየሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ለቅሬያችን ዳኛ ለሼህ ይመር ከሰስኩ። ቅሬ በእኛ ዘንድ ለቀብርና ለሐዘን ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲቀያየምም ያስታርቃል። ሼህ ይመር በደሉ ምንድን ነው አሉኝ። ተከራዬ ወፌን አስሮጠብኝ አልኳቸው። የምን ወፍ አሉኝ፤ ነገሩን ከሥሩ ነገርኳቸው። ከዚያ፣ ሽማግሌ በዐይኑ ያላየውን አይፈርድምና፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አብረዋቸው የሚሸመግሉትን መሪጌታ ውቤን ይዘው ሳሎኔ ገቡ።

እኔ ቀድሜ ተናገርኩ። በቅሎና በቅሎ ይዘን ስንወዳደር ከርመን፣ ይህ ልጅ ከመካከል ገብቶ በቅሎዎቹን በፈረስ ለወጠ፤ ወንበሩን ያገኘሁት በበቅሎ ነው፣ የተነጠቅኩት በፈረስ ነው አልኩ። ሰይድ እጁን አጣምሮ፣ ማሽኑን አከምኩት እንጂ ምን በደልኩ አለ፤ ጨዋታው ሲሠራ የታሰበለት ሩጫ ይኸው ነው፣ እስከ ዛሬ ታሞ ነበር አለ። ታሞ! ያን ሁሉ ወራት የገዛሁት በሽተኛ ነበር ማለቱ እኮ ነው። ተፈራ ደግሞ ከወንበሬ ሳይነሳ፣ መንገድ በተሠራ ቁጥር ባለ በቅሎ መሐንዲሱን ይክሰስ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ። ነገሬ ሊበላሽ ሆነ። «እስቲ እርስዎ ራስዎ ይሞክሩት» አልኳቸው ሼህ ይመርን።

መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ወፉ ተፈተለከ፤ «አስተግፊሩላህ!» ሲሉ ዛፍ ላይ ነበር። መሪጌታ «እኔ ልያዘው» ብለው ተቀበሉ፤ ገደል ገቡ። እንደገና ሼሁ፣ እንደገና መሪጌታው። ኋላማ በክርናቸው ይጋፉ ጀመር። ተፈራ «ግራ! ግራ ይበሉ እንጂ!» እያለ ይጮኻል። የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ሼህ ይመር ብድግ ብለው፣ ይህ ነገር ሽማግሌን ያዋርዳል፣ ለእመት ከድጃ ተፈርዷል አሉ። ካርዷ ትውጣ፤ ዳግመኛ ጠብ እንዳታነሳ በእመት ከድጃ እጅ ትሁን፤ ተፈራ ከወንበሩ ይነሳ፤ ሰይድ ጉልበት ስሞ ይታረቅ። ሰይድ ካርዷን ነቅሎ ሰጠኝ፣ ጉልበቴን ሳመ፣ እኔም ግንባሩን ሳምኩት። ዱአ ተደረገ፣ ሁላችንም አሚን አልን። ካርዷን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳት። መካነ ሰላም ላይ እንደኔ ያለ ረቺ ሴት አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ፣ ተፈራና ሰይድ እያዩኝ፣ በወንበሬ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ተነሳ፣ ዱአውን አደረገ፣ ወፉ መጣ። ትንሽ ሄደ፣ ቆመ። ሻሼን አስተካከልኩ፤ አሁንም ቆሟል። ትንሽ ሄደ፣ ቆመ። ዛፉ እዚያ ማዶ ነው፤ የሚመጣም አይመስል። ይህ ወፍ እስከ ዛሬ እንዲህ ይቆም ነበር እንዴ? ሌላ ነገር ነቅለህብኛል ወይ ብዬ ሰይድን ጠየቅኩት። ምንም አልነቀልኩም እማማ፣ እንደ ድሮው ነው አለኝ። እንደ ድሮው! ዓሣውን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ልቤ በቦታዋ ናት፣ ሆዴም በቦታው ነው። ተፈራ በርጩማው ላይ ሆኖ ያዛጋል፤ ሊያናድደኝ ነው ስል እኔም አዛጋሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከሰይድ ነው። ከግርጌው ሳልደርስ፣ በተፈረደልኝ ወንበር ላይ፣ አገጬን ደረቴ ላይ ጥዬ አንኮራፋሁ አሉ። ተፈራም ጋቢውን አውልቆ አልብሶኝ፣ በጣቱ ጫፍ እየተራመደ ወጣ አሉ። ጠላት እንዲህ ሲያደርግ ምን ይባላል? ለዚህም ዳኛ የለው።

በማግስቱ ማለዳ፣ ቅዳሜ ነበርና ሰይድ ገና አልተነሳም፣ ሄጄ በሩን ደበደብኩ። ዐይኑን እያሸ ወጣ። የነጠላዬን ጫፍ ፈትቼ ካርዷን ዘረጋሁለት። ፍርዱ እንደ ተከበረ ነው አልኩት፤ ካርዷ በእኔ እጅ ናት፣ የት እንደማስቀምጣት የምወስነው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ ላስቀምጣት ፈልጌያለሁ፤ ሂድ መፍቻህን አምጣ። በባዶ እግሩ ሮጦ አመጣ። እሱ የሣጥኑን ጎን ሲፈታ፣ እኔ የባሌን ወንበር አቧራውን ጠርጌ ለተፈራ ወደ ጥግ አስጠጋሁለት። በርጩማዋን በገዛ እጄ ወደ ማሽኑ ሳብኩ። ከእንግዲህ መንገድ ላይ የሚስተካከል ሻሽ የለምና፣ ሻሼን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩና ተቀመጥኩ።