የጣይባ አባት ሊደውሉ ሲሉ

[ኮምቦልቻ፣ ከክር ፋብሪካው በር ፊት ለፊት፣ ዛፍ ጥላ ሥር። የጧቱ ፈረቃ ወጥቷል፤ እነሱ የከሰዓት ገቢ ናቸው። የጣሀ ገላ እዚህ ነው፤ ቀልቡ ግን ጣይባ አገር፣ ቢስቲማ። የጣይባ አባት ልጃቸውን ይሰጡት እንደሆነ ዛሬ በስልክ ሊነግሩት ቀጥረውታል። የሥራ ባልደረባው ከፍያለው ደግሞ ትናንት አሮጌ ስልኩን ሸጦ፣ ዛሬ ጧት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ወጥቶ ተች ስልክ ገዝቷል። ከዚያ ወዲህ አፉ አልተከደነም።]

ከፍያለው፦ አምጣት አልኩህ! በዚች ስልክ ከአማት ጋር አይወራም!

ጣሀ፦ ኧረ ተወኝ በአላህ! ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ ወጥተው ነው የሚደውሉልኝ። ካጡኝ ልጅቱን ለሌላ ይሰጡብኛል።

ከፍያለው፦ ለዚህ እኮ ነው! ስልክ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ያንተ ዓይነት፣ መብራት ያለው። እሱ ፋኖስ ነው። ሁለተኛው ካሜራ ያለው። ሦስተኛው፣ ተች!

ጣሀ፦ በጣት የምትዳበሰው?

ከፍያለው፦ አዎ። ደግሞ ስሪ ጂ ነች።

ጣሀ፦ ምን ማለት ነው?

ከፍያለው፦ ሦስት ሰው ባንዴ ይሰማባታል ማለት ነው።

ጣሀ፦ አንድ እኔ፣ ሁለት የጣይባ አባት። ሦስተኛው ማነው?

ከፍያለው፦ [ግራ ቀኙን አይቶ] እሱን አትጠይቅ።

[የጣሀን ስልክ ነጥቆ ባትሪውን ያወልቃል፤ በራሱ ተች ሊያስገባት ሲም ይመዛል።]

ከፍያለው፦ የተቿ ማስገቢያ ጠባብ ስለሆነ ሲም ይከረከማል። [የክር መቀሱን ያወጣል]

ጣሀ፦ ከፍያለው፣ እሷ እኮ…

ከፍያለው፦ ዝም ብለህ ተማር!

ጣሀ፦ ቆይ ልንገርህ…

ከፍያለው፦ ቴክኖሎጂ የገባው ማነው?

ጣሀ፦ አንተ።

ከፍያለው፦ እንግዲያው ዝም! [ቀጭ! ቀጭ!] ይቺ ወርቅማዋ ነገር ከበዛች ኔትወርክ ታንቃለች። ትንሽ እንቀንስላት። [ቀጭ!]

[ተቿ ውስጥ ይከታታል። ተቿ «ሲም የለም» ትላለች። ያራግፋታል፣ እፍ ይልባታል፣ አሁንም የለም። ጣሀ ምስኪኑ የራሱን ስልክ ባትሪ መልሶ ይከፍታል።]

ከፍያለው፦ ሲምህ ገጠሬ ነች፤ ተች አልለመደችም።

[የጣሀ ስልክ ይጮሃል። ከፍያለው መቀሱ ከእጁ ይወድቃል።]

ጣሀ፦ አሰላሙ ዓለይኩም አባባ!… አዎ፣ ጣሀ ነኝ… ጁምዓ? ሽማግሌ ይዤ ልምጣ? አልሀምዱሊላህ! አላህ ያቆይዎት! [ስልኩን ይስማል]

ከፍያለው፦ ያለ ሲም እንዴት ጠራ?

ጣሀ፦ ሲሜ ከሥር አለች። ስልኬ እኮ ሁለት ሲም ነው የምትይዝ፣ አንዷን ባንዷ ላይ።

ከፍያለው፦ እና… የከረከምኳት የማን ናት?

ጣሀ፦ ያንተ። ትናንት ስልክህን ስትሸጥ «አደራ፣ እንዳትጠፋ» ብለህ ሰጥተኸኝ የለ? ከላይ አስቀመጥኩልህ።

ከፍያለው፦ [ራሱን ይዞ] ቁጥሬ! ዘመዱ ሁሉ የሚያውቀው ቁጥሬ! ታዲያ ሰው አይናገርም?

ጣሀ፦ መች አስጨረስከኝ? [ትከሻውን አቅፎ] በል አትዘን። ጁምዓ አንተም ሽማግሌ ሆነህ ትሄድልኛለህ። በጨዋታ መሀል ስልኩ የማይጮህ ሽማግሌ ከየት አገኛለሁ?