የቡልጋሪያ ወዛደሮች ዜማ በሲቀላ

በዚህች አገር ሐኪም ይጠፋል፣ መሐንዲስ ይጠፋል፤ የዘፈን ዳኛ ግን ጠፍቶ አያውቅም! ሁለት ሰው ሬዲዮ ከከፈተ አንዱ ዳኛ ነው። እኔማ ብቻዬንም ብሆን እፈርድ ነበር። በደርግ ጊዜ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው የታችኛው ከተማ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሳለሁ ይሄው አመሌ ለጥቂት አንገቴን ሳያስቀላኝ ቀረ። የሰፈሩ ስም ራሱ ሲያስጠነቅቀኝ አለመስማቴ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀበሌያችን አዳራሽ አንድ ቴሌቪዥን ነበረው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የወጣት ድምፃውያን ውድድር ፍጻሜ ይታያል ተባለ። ወጣቱ “ሮክ” ይለዋል። ሮክ ደግሞ የኢምፔሪያሊስት ዕቃ ነው፤ ስለዚህ የመንግሥት ስሙ “አብዮታዊ ዘመናዊ ሙዚቃ” ሆነ። ጊታሩ ያው ጊታር፣ ጩኸቱም ያው ጩኸት... የተለወጠችው ተፈቃሪዋ ብቻ ናት። ኮረዳዋ ወረደችና ትራክተር ተተካች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ የሰፈራችን ልጅ ዘለቀ ነበራ! እናቱ ወይዘሮ ባሎቴ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። ከገረሴ ደጋ ወርደው፣ ጥጥ እየፈተሉ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ያን ዕለት አጠገቤ ተቀምጠው መሀረባቸውን ያፍተለትላሉ።

መጀመሪያ የአዲስ አበባው ልጅ ወጣ። ሱሪው ከታች መንገድ ይጠርጋል፤ ጎፈሬው ከላይ ጣራ ይጠርጋል። “ትራክተሬ! ትራክተሬ!” እያለ መሬት ላይ ተንከባለለ።

“ይሄ ልጅ ትራክተር ነዳ ወይስ ትራክተር ነዳው?” አልኩ ጮክ ብዬ። አዳራሹ ሳቀ።

ሁለተኛዋ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ድምፅዋ ማር ነው፤ ምን ያደርጋል፣ ጊታሩ፣ ከበሮውና ጥሩምባው ተባብረው አፈኗት።

“እነዚህ አጃቢ ናቸው ወይስ ከባቢ?” አልኩ። አሁንም ሳቅ። ወይዘሮ ባሎቴ እንኳ ፈገግ አሉ። አንባቢዬ፣ ሳቅ የለመደ አፍ መቼ እንደሚቆም አያውቅም።

ዘለቀ ወጣ። አልተንከባለለም፣ አልጮኸም። ጊታሩን አቅፎ፣ ቀና ብሎ ስለ ጋራ እርሻ ቀስ አድርጎ ዘፈነ። ዜማው ታወቀኝ... ወይዘሮ ባሎቴ ጓሯቸው ሀለኮ የሚሉትን የሽፈራው ቅጠል ሲለቅሙ በግድግዳው በኩል የሚያንጎራጉሩት! እኔ ሞኙ ደግሞ ያወቅሁትን ሳልናገር ማደር አልችልም።

“ይሄማ ሮክ አይደለም፤ መዝሙር ነው!”

ማንም አልሳቀም። የወይዘሮ ባሎቴ እጅ መሀረቡ ላይ ደረቀ። በዚያን ጊዜ የእነ ወይዘሮ ባሎቴ ጸሎት ቤት ታሽጎ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል። “ጴንጤ” የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ማንም ያውቃል። ልጃቸው ስለ ጋራ እርሻ በመዝሙር ዜማ ሲዘፍን አገር እያየው ነው፤ ያጋለጥሁት ደግሞ እኔ ነኝ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ... ቢሉኝም አፋፉ ላይ የቆሙት እናቱ ሆኑ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከፊት ወንበር ዞሩ። “የምን መዝሙር ነው ጓድ?”

“የ... የወዛደሮች ነው ጓድ ሊቀመንበር!”

“የየት አገር ወዛደሮች?”

“የ... ቡልጋሪያ!” ቡልጋሪያን ከየት እንዳመጣኋት ዛሬም አላውቅም።

ሊቀመንበሩ ቴሌቪዥኑን ትተው ተነሡ። “እስቲ ቁምና አሰማን። መመሳሰሉን እንፍረድ።”

ሁለት ድምፃዊ ያዋረደው ዳኛ ቆመ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ ያለ ቃል እንደምንም አንጎራጎርኩ። ሁለተኛው ላይ... ጠፋኝ!

ያኔ ከጎኔ ቀጭን ድምፅ ተቀበለኝ። ወይዘሮ ባሎቴ ነበሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ አፋቸው ተዘግቶ ያንጎራጉራሉ። ከኋላ አንድ ሸማኔ ተከተላቸው። ቀጥሎ የክሊኒኳ ነርስ፣ ቀጥሎ አግዳሚው በሙሉ። ያውም በአንድ ድምፅ እንዳይመስላችሁ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ድምፅ ተከፋፍለው! በሩ ላይ ጠመንጃውን አንግቶ የቆመው አብዮት ጠባቂ እንኳ በወፍራሙ ገባበት። ግማሽ ቀበሌ! እኔ ብቻ ነኝ ዜማውን በቅጡ የማላውቀው።

ሲያበቃ ሊቀመንበሩ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ... አጨበጨቡ።

“ይህን ያህል ነቅታችሁ፣ ተደራጅታችሁ፣ እኔ ሳላውቅ?! ከእንግዲህ የቀበሌው ስብሰባ በዚህ ዜማ ይከፈታል!”

በዚህ መሀል የውድድሩ ውጤት ተነግሮ አልፏል፤ የሰማ የለም። ማግስቱን ስናጣራ አንደኛ የወጣው ትራክተሩ ነው፤ ዘለቀ ሁለተኛ። ለትራክተር ደግሞ ይግባኝ አይባልበትም።

ስንወጣ ወይዘሮ ባሎቴ ክንዴን ያዙኝ። ልወቀስ ነው ብዬ ይቅርታ ልለምን ስል ቀደሙኝ።

“ልጄ፣ ይሄን አፍህን አንተ ብቻህን አትችለውም። እኔም እጸልይበታለሁ።”

ከዚያ ወዲያ ቀበሌያችን ለስብሰባ ቀሪ የሌለበት ሆነ። ሰው በግድ መጠራቱ ቀርቶ ሰዓት ሳይደርስ ወንበር ይይዛል። ሊቀመንበራችን በዚህ የተነሣ የቀበሌዎች የበላይ በሆነው በከፍተኛው ፊት ተመሰገኑ። አንድ ጊዜ ብቻ ዜማው ሲያበቃ ግራ ገብቷቸው ጠየቁ።

“ጓዶች፣ ሁሉም ደኅና ነው፤ ግን ይሄን ዜማ ስታዜሙ ለምንድን ነው ዓይናችሁን የምትጨፍኑት?”

ወይዘሮ ባሎቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ መጪው ጊዜ በጣም ብሩህ ነው አላላችሁንም? ዓይን ይወጋል!”