ሸሁ የወሰዱት ጥያቄ

አዲስ መንግሥት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሠራው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ለወታደሩ ማደሪያ ነው እላችኋለሁ። ሁለተኛውን ብትጠይቁኝ ግን ሰዉ አይስማማም፤ አንዱ መንገድ ይላል፣ ሌላው ቀረጥ ይላል። እኔ በዕድሜዬ እንዳየሁት ከሆነ ሁለተኛው ሥራው ተማሪ ቤት መግባት ነው። ሊማር እንዳይመስላችሁ። አንዲት መስመር ሊያስጽፍ ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሁሉ ልጆች ሲያወድሱት በጽሑፍ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም። እናንተም በየትኛውም ዘመን ብትማሩ ከጥቁሩ ሰሌዳ አናት ላይ የምትቀመጥ አንዲት መስመር ሳትኖራችሁ አትቀርም፤ እስቲ አስታውሱ። እኔ ኋላ አስተማሪ ሆኜ ስንት ዓይነት መስመር እንደጻፍኩ አልነግራችሁም። ጠመኔ ደግ ነገር ነው፤ ሲጠፋ ብናኙ የት ወደቀ ብሎ የሚመረምር የለም።

የእኛ ጣጣ የመጣው በጠመኔ ስላልተማርን ነው።

ዘመኑ የጣልያን ነበር። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ ሲኬድ ከመንገዱ ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር፣ ሸህ ሁሴን ዘንድ ቁርአን የምንቀራ አርባ የምንሆን ደረሶች ነበርን። ደረሳ ማለት እውቀት ፍለጋ አገሩን ትቶ ሸህ ዘንድ የሚያድር ተማሪ ነው፤ የሚያበላው መንደሩ፣ የሚቆጣው ሸሁ። የምንቀራው ቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ሲሆን፣ የምንጽፈው ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው። ትምህርቱን በቃል ስንይዝ ሸሁ ፊት ቆመን እንወጣዋለን፤ «እጠብ» ሲሉን ሰሌዳችንን አጥበን ሌላ እንጽፋለን። ታዲያ ያ ውሃ እንደ ማንኛውም እጣቢ መስሏችሁ እንዳታልፉት። የቁርአን ቃል የሟሟበት ነውና እግር በሚረግጠው መሬት አይደፋም፤ ወይ በቅል ተጠራቅሞ ለታመመ ይሰጣል፣ ወይ ከዛፉ ግንድ ሥር በድንጋይ በተከበበች ቦታ በቢስሚላህ ይፈሳል። እትዬ ዘይነባ የሚባሉ ጎረቤታችን ልጃቸውን ወባ በያዘው ቁጥር ጣሳቸውን ይዘው ከተፍ ይሉ ነበር።

ሸህ ሁሴን ቀጭን፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ። ብዙ ሕግ አልነበራቸውም። ስለ ጥያቄ ግን አንድ የማይነቃነቅ ሕግ ነበራቸው። አንድ ደረሳ ጥያቄ ሲያነሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ያደምጣሉ፤ ጥያቄው የወሬ ካልሆነ «ተቀብያለሁ» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው የጠያቂው መሆኑ ቀርቶ የሳቸው ይሆናል። ልጁን በዚያ ነገር የሚስቅበት የለም፣ የሚገስጸው የለም፣ መልሱን ፈልጎ የማምጣቱም ሥራ የሸሁ ነው። ዒልም፣ እውቀት፣ የሚፈልግ ሰው መጠየቅ ሐቁ ነው፣ መብቱ ነው ይሉ ነበር።

ጣልያን በዚያን ጊዜ እስላሙን ወዳጅ ለማድረግ ደፋ ቀና ይላል። የሸዋ ሮቢቱ መኮንን ለሸሁ ምንጣፍና ፋኖስ ላከላቸው። ምንጣፉን ሳንረግጠው ትእዛዙ ተከተለ። በየሰሌዳው አናት፣ ከቁርአኑ ትምህርት በላይ፣ «የሮማው ንጉሥ ዕድሜው ይርዘም» የሚል መስመር በዓረብኛ ይጻፍ፣ የሚል። ሸሁ ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ ትከሻቸውን ነቅነቅ አደረጉና «ለሰው ዕድሜ መለመን ሐራም አይደለም፤ ጻፉ» አሉን። ጻፍን። ሰሌዳችን ጠበበ እንጂ ሌላ የደረሰብን ነገር አልነበረም።

በሳምንቱ መኮንኑ አስተርጓሚውን አስከትሎ ሊጎበኘን መጣ። ወንበር ተዘረጋለት። በየሰሌዳው የንጉሡን ስም እያየ ፈገግ ሲል፣ ይማም ትምህርቱን ሊወጣ ተነሣ። ይማም ማጀቴ ከሚባል አገር የመጣ ነው፤ ጢሙን ያበቀለ፣ ከሁላችን የበሰለ፣ ነገር ካልገባው እህል የማይወርድለት ሰው። ትምህርቱን አንድ ሳይሳሳት ተወጣ። «እጠብ» አሉት ሸሁ። ቅሉን አነሣና ቆመ።

«ሸሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ። «ይኼን ውሃ የት ልድፋው? ለእትዬ ዘይነባ ልጅ እንዳልሰጠው የሮማው ንጉሥም አብሮ ሟሙቶበታል። ሜዳ ላይ እንዳልደፋው ቁርአኑ ይረገጣል።»

ምኑን ልንገራችሁ! ቀልድ አልነበረም፤ ልጁ የምሩን ነው የጠየቀው። እኛ ግን አንገታችንን ሰሌዳችን ውስጥ ቀበርን። ሸሁ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ተቀብያለሁ» አሉ። «እስካየው ድረስ ሰሌዳህ ሳይታጠብ ይቆይ።»

አስተርጓሚው ለመኮንኑ በጆሮው ነገረው። መኮንኑ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ አሰበ፤ ካሰበ በኋላ አልሳቀም። ወንበሩን አስነሥቶ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አስተርጓሚው ከሦስት ወታደሮች ጋር ተመለሰ። ይማምን በዓይኑ ያውቀዋል፤ እዚያው ፊቱ ተቀምጧል። ነገር ግን አልያዘውም። «ሹሙ የሚሉት እንዲህ ነው» አለ ለሸሁ። «እኛ ከተማሪ ቤት ሰው አንጎትትም፤ ወዳጆች ነን። ያንን ልጅ እርስዎ ራስዎ ያባርሩት። ከመንገድ እኛ እንቀበለዋለን። አለዚያ ይህ ተማሪ ቤት ይዘጋል።»

ከመንገድ የተቀበሏቸው ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ በይፋት ቆላ የማያውቅ አልነበረም። ማንም ተመልሶ አላወራውም።

«የምትፈልጉት የጠየቀውን ነው?» አሉ ሸሁ።

«አዎን።»

«ጥያቄውን ከትናንት ወዲያ ተቀብየዋለሁ። የኔ ነው። ጠያቂው እኔ ነኝ» አሉና ኩታቸውን አንሥተው፣ ጫማቸውን ፈልገው ተነሡ። ይማም ብድግ አለ። ሸሁ ዞረው አዩት። «ቁጭ በል! አንተ ትምህርትህን መች ጨረስህ?»

ወሰዷቸው።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ቀኖቹ ሲቆጠሩ መንደሩ ሁለት ተከፈለ። የጥጥ እርሻ ያላቸው ጋሽ አደም «አንድ ደረሳ ነው፤ አገሩ ይግባና ሸሃችን ይምጡልን» ይሉ ነበር። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ሸሁን ይወዳሉ። እኔም አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም እንጂ ልቤ ከጋሽ አደም ጋር ነበር። ይማም እንጀራ ሲቆርስ እጁን አይ ነበር፤ ሰውዬው በሱ ምክንያት እየተገረፉ እንዴት ይበላል ብዬ። እሱም ገብቶት ኖሮ አንድ ቀን ጠዋት ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ወዴት አላልኩትም። ቆይ አላልኩትም። ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሶ ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«እመንገዱ ድረስ ደርሼ ነበር» አለኝ። «የጣልያኖቹ ካምፕ ይታያል። ግን ሸሁ ቁጭ በል ብለውኛል፤ ተነሥ ያለኝ የለም።»

ሰሌዳዎቻችን ሳይታጠቡ ዋሉ አደሩ። እጠብ የሚለን የለማ። ያንኑ አንድ ትምህርት አሥራ አንድ ቀን ደጋገምን፤ የሮማው ንጉሥም ዕድሜው በሰሌዳችን ላይ አሥራ አንድ ቀን ረዘመ። በየገበያው ቀን እነ ጋሽ አደም ካምፑ በር ላይ ሄደው እየተቀመጡ፣ አላፊ አግዳሚው «ምነው?» ሲላቸው «ሸሃችን ታስረው» እያሉ መለሱ። ምንጣፍ እያደለ ሸህ የሚያስር ሹም ለገበያተኛው ወሬ የሚመች ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለቀቋቸው። የመስመሯ ትእዛዝ አልተሻረችም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ተጽፋለች አልተጻፈችም ብሎ ሊያይ የመጣ ሰው አልነበረም።

ሸሁ ሲመጡ ዱላ ተደግፈው፣ በአጭር በአጭሩ እየተራመዱ ነበር። እትዬ ዘይነባ ጀርባቸውን ቅቤ ልቀባዎት ቢሏቸው «ኋላ» አሉ። ቁርቁራው ሥር እንደ ወትሯቸው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነው። እሳቸው ዓይናቸው ይማምን ይፈልጋል።

«ጥያቄህን ድገመው፤ በውል ልስማው» አሉት።

ይማም፣ «ትቼዋለሁ፣ ሸሁ። አፉ ይበሉኝ። ምንም አልጠየቅኩም» አለ።

እሳቸው ዘንድ በቀራሁበት ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «አንተ እንድትተወው ነው እዚያ የተኛሁት? ድገመው!»

ደገመው። ሸሁ ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡ። እኛም ይህን ሁሉ ግርፋት የተሸከመ መልስ ምን ይሆን ብለን ጠበቅን።

«ወላሂ፣ አላውቀውም» አሉ።



«አሥራ አንድ ቀን አሰብኩት» ብለው ቀጠሉ። «ያነበብኩትን ሁሉ በልቤ ፈተሽኩት፤ አላገኘሁትም። አላሁ አዕለም፣ አላህ ያውቃል። ከናንተ ውስጥ አሳብ ያለው አለ?»

አርባችንም አንድ ላይ መናገር ጀመርን። አንዱ ላይኛዋ መስመር ለብቻዋ ትታጠብ አለ፣ ሌላው ይህማ አይሆንም አለው፤ እኔም፣ ያ ሁሉ ቀን በልቤ ይሂድ ስል የነበርኩት፣ ከይማም ጎን ቆሜ እጮህ ነበር። ሸሁ በእጃቸው ዝም አሰኙንና «በተራ» አሉ። ግንዱን መደገፍ ስላልቻሉ ወደ ፊት እንዳጎነበሱ፣ ከትንሹ ጀምረው ሁላችንንም ሰሙን።