በማን ሞት?

አንባቢዬ፣ «በሞቴ» ባይ ጎረቤት የለዎትም? እኛ አዳማ ውስጥ ዘነበች አለችልን። እድራችን ግፊትና ስኳር ያለበትን ሰው ሁላችንም እንድንጠብቅ ከተስማማ ወዲህ እንኳ አልተወችም።

ባለፈው እሁድ ክርስትና ተጠርተን፣ የከሰዓቱ ሙቀት ድንኳኑን ሙሉ አስተኝቶ፣ እኔም ሶደሬ ፍል ውሃ ላይ የተንሳፈፍኩ መስሎኝ ሳንቀላፋ ድምጿ ቀሰቀሰኝ። ስኳር ላለበት ለጋሽ ቶሎሳ ለስላሳ ልትቀዳ ጎንበስ ብላለች።

«በሞቴ ጋሽ ቶሎሳ፣ ይቺን ብቻ!»

«በማን ሞት?» አልኩ ተነስቼ። «ስኳሩ የሱ፣ ሞቱ ያንቺ? ይሄ ፍርድ ነው? እውነቱን ተናገሪና ‹በሞትህ ጠጣ› በይው!»

እሷ ግን ጠርሙሱን ወደ ብርጭቆው አዘነበለች።

ጋሽ ቶሎሳ ብርጭቆውን በእጁ ከደነና «ዘኒ፣ በሞቴ፣ ውሃ ስጪኝ» አላት።

«በሞቴ» ባለቤቱን አገኘ። እኔም ወደ ሶደሬዬ ተመለስኩ።