የአገርነሽ መደብና ሊቀ ማመልከቻ መርስዔ ኀዘን

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ወንበሩ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ልቡ ግን ችሎት ላይ። ፈቃድ የተከለከለው፣ እድገት የተዘለለው፣ ስሙ በደብዳቤ ላይ የተሳሳተበት ሁሉ በሩን ያንኳኳል። እሱም አንድ ገጽ ለሚበቃው ጉዳይ አሥር ገጽ ይጽፋል።

ለእኛ ለባሕር ዳሮች የደረሱን አቶ መርስዔ ኀዘን ነበሩ። የደቅ ደሴት ሰው ናቸው፤ ለቅስና ተምረው ለመዝገብ ቤት የተረፉ። ሠራተኛው «ሊቀ ማመልከቻ» ይላቸዋል። ዘጠኝ ዓመት በጊዜያዊነት ሲሠሩ ሦስት ቋሚ ኃላፊዎችን በጡረታ ሸኝተዋል። «ቃሉን እንየው!» ካሉ ነገር ተጀመረ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ወደ ደቅ በሚሄደው ጀልባ ላይ ለበጋቸው የዕቃ ማስጫኛ ክፈሉ ቢባሉ፣ «ቃሉን እንየው! በግ ነፍስ አለው፤ ዕቃ አይደለም» አሉ። «እንግዲያው ተሳፋሪ ነው፤ እንደ ሰው ይከፈልለት» ቢላቸው ጀልበኛው፣ ከፈሉ። ከፍለው ግን ለበጉ መቀመጫ ጠየቁ። በጉ ተቀምጦ ሄደ።

አገርነሽም እንደ ሌላው ሁሉ ትስቅባቸው ነበር። ታይፒስት ናት፤ እሷም ጊዜያዊ፣ አምስት ዓመቷ። ባሏ ግንባር ስለሆነ ቤቱ የቆመው በእሷ ደመወዝ ነው። አንድ ቀን ደብዳቤ ደረሳት። «የያዙት የሥራ መደብ በማደጉ» የሚለውን እንዳነበበች እልል ልትል ምንም አልቀራት። ቀጠለች፦ «በቋሚ ሠራተኛ እንዲሸፈን ስለተወሰነ፣ ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን እንገልጻለን።»

ቤት ገብታ ከዱርቤቴ መጥተው ሕፃኗን ለሚይዙላት ለእናቷ ነገረቻቸው።

«መደብሽ አደገ?» አሉ እናቷ፣ የተቀመጡበትን የጭቃ መደብ መታ መታ እያደረጉ። «ይህማ ያው ነው። ለእኔና ለልጅሽም አልበቃ።»

አገርነሽ ልታለቅስ ስትል ሳቋ አመለጣት። በማግስቱ መዝገብ ቤት ሄደች።

«ጋሼ መርስዔ፣ አባረሩኝ።»

«ቃሉን እንየው! አደገ ነው የሚለው። መደቡ ሲያድግ አንቺ የት ነበርሽ?»

«እላዩ ላይ ነዋ! እየሠራሁበት ነው ያደገው።»

«በቃ፣ አሸንፈሻል» አሉና ዘጠኝ ገጽ ጻፉ። ወኪሏም ሆነው ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ፊት ቀረቡ።

ሰብሳቢው ጓድ አለበል ማመልከቻውን በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። «በአጭሩ ይነገረን።»

«በአጭሩ፣ ጓድ ሰብሳቢ፣ የሠራተኛው መደብ ሲያድግ ሠራተኛው ይባረራል ወይ? ሰኞ ሰኞ በውይይት ክበብ የምንማረው እንዲህ አይደለም።»

የመሥሪያ ቤቱ ተወካይ አቶ ደሞዝ ከወንበራቸው ተፈናጠሩ። «ጓድ፣ ያ ሌላ መደብ ነው! ይህ የሥራ መደብ ነው፤ ከወዝአደሩ መደብ ጋር ምን አገናኘው?»

«ሥራና ወዝአደር አይገናኙም ብለዋል። ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ!»

ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን አነሳ። አቶ ደሞዝ ላብ በላብ ሆነው ተቀመጡ፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ከስሙ አጠገብ እንዲጻፍ የሚፈልግ የለም። ሰብሳቢውም በሩን አየት አደረጉ። አገርነሽ ገባት፤ ጋሼ መርስዔ በዚሁ ከቀጠሉ ሥራዋ ቀርቶ ሁላቸውንም ሊያስበሉ ነው። ብድግ አለች።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ አዲሱ መደብ የሚጠይቀውን ሥራ እስከ ዛሬም የሠራሁት እኔ ነኝ። ፈትኑኝ። ካቃተኝ በራሴ እግር እወጣለሁ።»

«ትፈተን! ካለፈች በመደቡ ትቀጠር!» አሉ ጓድ አለበል፣ መውጫ በር እንዳገኘ ሰው ተንፍሰው።

ተፈተነች፤ አንድ ፊደል ሳትስት አለፈች። የቋሚነት ደብዳቤዋን ይዛ መዝገብ ቤት ሮጠች።

«ጋሼ፣ ቋሚ ሆንሁ!»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ ቀዝቀዝ ብለው። ፊታቸው አንድ ደብዳቤ ተዘርግቷል። በጎን አነበበችው፦ «የያዙት የሥራ መደብ በማደጉ…»

«መቼ ደረሰዎት?»

«ወር ሊሞላው ነው።»

«ማመልከቻውስ?»

«ለራሴ ሲሆን፣ ልጄ፣ ‹ጉዳዩ› ከሚለው አላልፍ አልሁ። የይግባኙ ቀን ደግሞ ዛሬ ያልቃል።»

ክንዳቸውን ይዛ ጎትታ ወሰደቻቸው፤ ከጽሕፈት መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። አንቀጽ አታውቅም፤ የምታውቀውን መምታት ጀመረች፦ በዘጠኝ ዓመት አንድ ፋይል ያልጠፋባቸው፣ የተገፋ ሁሉ በራቸውን ሲያንኳኳ አንድ ቀን ነገ ተመለስ ያላሉ… ሦስት መስመር ሙሉ መስኮት መስኮቱን አዩ። በአራተኛው ጎንበስ አሉ።

«ሠራተኛን በእሳቱ ሰ ጻፍሽው። በንጉሡ ነው።»

«እሰይ፣ መጡልኝ! ይበሉ ይንገሩኝ፣ እኔ ልምታ» አለች አገርነሽ፤ ወረቀቱን መንጭቃ አወጣችና አዲስ አስገባች።