ክቡር አቶ አይበላም እና የግድቡ ዓሣ

«ከግድቡ ማዶ ዓይኔ ቀረ… እምም… እምም… ቀረ።»

የዘፈኑ መካከል ጠፍቶበታል፤ ያንጎራጉረዋል ግን። ታላቅ እህቱ ድምፁን ከአጥር ውጭ ስትሰማ፣ «መጡ ክቡርነታቸው» ትላለች ለራሷ።

በዚህ ዓለም አንድ «አይበላም» ባይ ያልደረሰው ቤተሰብ የለም። የእርሷ ድርሻ የገዛ ወንድሟ ነው፤ የውሃ ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ሰፈሩ በሰጠው ማዕረግ ክቡር አቶ አይበላም። ሰርግ ቤት ከሙሽራዋ በፊት የሚያየው ሳህኑን ነው። አንዴ የሙሽራው አጎት ሊጎርሱት ያነሱትን ዓሣ በመቆንጠጫ ተቀብሎ ላስቲክ ውስጥ ከተተና ቀንና ሰዓት ጻፈበት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ናሙና ነው።»

«እኔስ ምን ልብላ?»

«እርስዎ ውጤቱን ይጠብቁ።»

ጎመን ብትሠራለት «በየትኛው ውሃ አደገ?» ይላል። ሻይ ብታፈላለት በራዱን ሳይሆን ቧንቧውን ይመረምራል።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው የዛሬ አራት ዓመት የሆነው ነው። ከላይ ካለው አሮጌ የባትሪ ፋብሪካ ሲንጠባጠብ የኖረው ዝቃጭ ግድቡ ገብቶ፣ በዓሣው ሥጋ ውስጥ እርሳስ ከልክ በላይ ተገኘ። ለክቶ የፈረመው እሱ ነበር። በውሃው ዳር ዓሣ እየጠበሰች ያሳደገችው እህቱ ደግሞ የእግድ ወረቀቱን በገዛ በሯ ላይ፣ ከነፊርማው፣ ተለጥፎ አነበበችው።

አልተቀየመችውም። ክርና ቁልፍ መሸጥ ጀመረች። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቷ ተቀምጦ አያውቅም። በየሳምንቱ ይመጣል፣ በሩ ላይ ቆሞ ስለ ደም ግፊቷ ይጠይቃል።

«ተቀመጥ እንጂ አንተ።»

«ቸኩያለሁ እታለም።»

አንድ ቀን ብቻ አመለጠው፦ «ምድጃሽን በፊርማዬ አጥፍቼ፣ ምን ብዬ ልብላልሽ?»

ያን ጊዜ ገባት። የሚናፍቃት ዓሣው አልነበረም፤ ገበያዋም አልነበረም። ከማዶዋ ተቀምጦ አጥንት ሲለቅም ማየት ነበር፣ ዝም ብሎ፣ የልጅነቱን ጉንጭ እየሞላ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ባልዲና ወፍራም ፋይል ይዞ መጣ።

«እታለም፣ ቀረሶ ዓሣው ውስጥ ያለው እርሳስ ከልክ በታች ወርዷል። እግዱ ለእሱ ተነሥቷል። አምባዛው ጭቃ ስለሚምግ ገና ነው።»

«ማን ለካው?»

«እኔ።»

ፋይሉን ተቀብላ ገለጠችው። መሥሪያ ቤቱ በዓመት ሁለቴ ብቻ ነበር የሚያስለካው፤ ወረቀቱ ግን አርባ ስምንት ነው፣ ለእያንዳንዱ ወር አንድ። አብዛኛው የእረፍት ቀን የተጻፈበት ነው። በአርባ ሰባቱ ግርጌ በዚያው በደረቅ እጅ ጽሕፈቱ «አይበላም» ይላል። የመጨረሻው ላይ ግን «ይበላል» ሲጽፍ ብዕሩ ተጭኖ ወረቀቱን ቀዶታል።

ፋይሉን ዘግታ ዓሣውን ከባልዲው አወጣች፤ ዘይቱን ጣደች። ዓሣው ሲንጨረጨር እሱ አሁንም በሩ ላይ ነው፤ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ግን አንድ እግሩ ደፉን ተሻገረ።

«እጄን የት ነው የምታጠበው?» አላት፣ እንደ እንግዳ ሰው።

«ያደግህበት ቤት ጠፋህ?» አለችና በእግሯ በርጩማውን ገፋችለት።

ታጥቦ መጣ። ተቀመጠ። በላ።